ስለ በርጋ ረግረግና በውስጡ ስለሚኖሩት ፍጥረታት

ረግረግ ማለት ውኃ በምድር ላይ ተኝቶ የሚሰነብትበት፥ አፈሩም ከውኃ ብዛት የተነሣ እግርን የሚውጥ፥ ሣርና ቄጠማ የበቀለበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። ስሙ በየአገሩ ይለያያል፤ አንዱ ጨፌ ይለዋል፥ ሌላው ማጥ ይለዋል። ነገር ግን ማጥ የሚባለው ይልቁንም ከብት የሚሰጥምበት ጥልቁ ጭቃ ነው፤ ጨፌ የሚባለውም ሣሩ ለምልሞ ከብት የሚሰማራበት ነው። የኩሬና የሐይቅ ውኃ ተገልጦ ይታያል፤ የረግረግ ውኃ ግን በሣሩ ሥር ተሸሽጎ ይኖራልና፥ አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሜዳ መስሎት ገብቶ በቅሎውን እስከ ሆዷ ያሰጥማታል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ረግረግን እንደ ጠፍ መሬት ይቆጥረዋል። አይታረስም፤ ቤት አይሠራበትም፤ በክረምት መንገድ ይዘጋል፤ ማለዳም ጉም ይለብሳል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ንዳድ ከዚህ ጉም የሚነሣ ይመስላቸው ነበር። ንዳድን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ግን ቢንቢ ናት እንጂ ጉም አይደለም፤ ብርድ በጸናበት ደጋም ንዳድ የተለመደ በሽታ አይደለም። እንግዲህ ረግረግ ጠፍ መሬት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፥ ከደጋ ረግረጎች አንዱን መርጦ ከክረምት እስከ በጋ መመልከት ይበቃል። ለዚህም በሸዋ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ እጅግ የተመቸ ነው፤ ስፋቱ ትንሽ ሲሆን በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ግን ከሩቅ አገር ሊቃውንትን የሚያስመጣ ነውና።

በርጋ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ከሆለታ ገነት አልፎ፥ ከአዲስ ዓለም ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኝ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። አዲስ ዓለም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ግድም የመንግሥታቸው ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው ያሠሯት ከተማ ናት። ያሰቡበትም ምክንያት በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ማገዶ ስላለቀ ነበር፤ በኋላ ግን ባሕር ዛፍ ተተክሎ ማገዶ ስለ ተገኘ ዋናው ከተማ ሳይዛወር ቀረ። ስለ ባሕር ዛፍ ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር ይነገራል። የአገሩ ሰው ኦሮሞ ነው፤ ጨፌ የሚለውም ቃል ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። በቀድሞ ዘመን ሽማግሌዎች በለምለሙ መስክ ተቀምጠው ሕግ ይመክሩ ስለ ነበር፥ ቃሉ የሸንጎ ስም ሆኖ ዛሬም የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ ተብሎ ይጠራል። መስኩን ጠፍ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በሜዳው መካከል የበርጋ ወንዝ ያልፋል፤ ውኃውም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ፥ ይልቁንም ከየካቲት እስከ ግንቦት፥ ስፍራውን ያየ ሰው ረግረግ ነው ቢሉት አያምንም። አፈሩ ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሕፃን እጅ እስከ ክርኑ ድረስ ያስገባል። ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ ያልቃል፤ ከብቱም ከወንዙ ዳር አይርቅም። ሰኔ ገብቶ ዝናሙ ሲጸና መረሬው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁም ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ዝናም ወደ ውስጥ መግባት ስለማይሆንለት፥ ወንዙም ከአፉ ሞልቶ ስለሚፈስስ፥ ውኃው በሜዳው ላይ ይተኛል። በሐምሌ ቄጠማው ከውኃው በላይ ብቅ ይላል፤ በነሐሴ እስከ ጉልበት ይደርሳል፥ ከዚያም ይበልጣል። በዳር በዳሩ ማገጥ ይነጠፋል፤ እንግጫውም ራሱን ያወጣል። መስከረም ሲጠባ ዳገት ዳገቱ አደይ አበባ ለብሶ፥ ከግርጌው ያ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ፥ ማለዳ ጉሙ ሲነሣ በሣሩ መካከል ውኃው እንደ መስተዋት ስብርባሪ ሲያበራ፥ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል።

ይህ ሣር ግን ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም። ጎርፍ ከታረሰ ዳገት አፈር ጠርጎ ሲወርድ ወደ ረግረጉ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሺህ በሺህ የሆነ የቄጠማ አገዳ ይዞ ያዘገየዋልና። ውኃ ሲዘገይ የተሸከመውን አፈር ይጥላል፤ ስለዚህም ደፍርሶ የገባው ውኃ ጠርቶ ይወጣል። የወደቀው አፈር ረግረጉን ያዳብረዋል፤ ከላይ ያለው ገበሬ ያጣውን ለሙን አፈር ከታች ያለው ከብት በሣር መልክ ይበላዋል ማለት ነው። ዳግመኛም ረግረጉ የክረምቱን ውኃ ባንድ ጊዜ ሳይለቅ ጥቂት በጥቂት ወደ ወንዙ ይሰጣል። ዝናሙ ካባራ በኋላ ወንዙ ፈጥኖ የማይጎድለው ስለዚህ ነው። ውኃ በሚተኛበት ጭቃ ውስጥ ነፋስ ስለማይገባ የሞተው ሣር ፈጥኖ አይበሰብስም፤ ሲረግጡት የሚወጣው ክፉ ሽታና አረፋም ከዚህ የተነሣ ነው። ሽታው መርዝ አይደለም።

በውኃው ውስጥ ያለውን ለማየት አንድ ቅል ውኃ ቀድቶ በነጭ ሳሕን ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች፥ አልቅት፥ በውኃ ላይ እንደ ፈረስ የሚሮጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ተባዮች፥ ጅራት ያላቸው እግር ያላበቀሉ የእንቁራሪት ልጆች ይታያሉ። እነዚህ የእንቁራሪት ልጆች መጀመሪያ እንደ ዓሣ በውኃ ውስጥ ይተነፍሳሉ፤ በኋላ የኋላ እግር፥ ቀጥሎም የፊት እግር ያወጣሉ፤ ጅራታቸውም ወደ ሰውነታቸው ገብቶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደረቅ ይወጣሉ። ይህን ለተማሪዎች በቃል ከመንገር በአንድ ማሰሮ ውስጥ አኑሮ ማሳየት ይሻላል። እንቁራሪት ማታ ማታ በመቶ ድምፅ የምትጮኸው ለከንቱ አይደለም፤ የሚጮኸው ወንዱ ነው፤ ሴቲቱን ለመጥራት ነው። ተባዩን እንቁራሪት ይበላዋል፤ እንቁራሪቱን እባብና ረጅም እግር ያላት ወፍ ይበሉታል፤ በሣሩ ሥር የምትሮጠውን አይጥ ደግሞ ከላይ ጭልፊት፥ ከታች አነር ያድኗታል።

አእዋፍን በተመለከተ የደጋ ረግረግ እረኞች ሳያውቁት ዓለም የሚቀናባቸው ሀብታሞች ናቸው። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ላባዋ ለብርዱ ወፍራም ነው፤ በክንፏ ትከሻ ላይ ያለው ሰማያዊ መልክ ስትበርር ይታያል፤ ስትሄድ አንገቷን ወደ ኋላ ጎትታ በጀርባዋ ላይ ታስተኛለች። ጡቷ ነጠብጣብ የሆነ፥ በዓይኗ አጠገብ ቢጫ ሥጋ የተንጠለጠለባት፥ በሜዳ ላይ እየሮጠች ቆም የምትል ወፍ አለች፤ እርሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ጉሮሮዋ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ጥቁር ማተብ ያሰረች የምትመስለው ትንሽ ወፍም እንዲሁ ናት። ቡናማ መልክ ያላት፥ ዶሮ የምታህል፥ ጅራቷን ባነሣች ቁጥር ከሥሩ ነጩን የምታሳይ፥ ሰው የማትፈራ የረግረግ ወፍ ደግሞ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ትገኛለች። ጋጋኖ የሚሏትም ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፍ፥ ማታ ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ የምታሰማው ጩኸት መንደሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ፥ የእነዚሁ ሁለት አገሮች ናት።

ምንቃሯ እንደ ወስፌ ረጅምና ቀጥ ያለ፥ እርሱንም በጭቃ እየወጋች ትል የምታወጣ ሌላ ወፍ አለች። በመራቢያዋ ጊዜ ወደ ሰማይ ወጥታ ቁልቁል ስትወረወር ‘ግርርር’ የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከአፏ የሚወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን በጅራቷ ዳርና ዳር ያሉት ቀጫጭን ላባዎች ነፋስ ሲያልፍባቸው የሚያወጡት ንዝረት ነው። በመስከረምም ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ቢጫ ወፎች ደርሰው በከብት እግር መካከል ይሮጣሉ፤ ከብቱ ሲራመድ የሚያስነሣውን ዝንብና ፌንጣ ለመልቀም ነው።

በርጋን በዓለም ዘንድ ያስጠራው ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። የአገሩ ሰው ራሱ ከስንት አንዴ የሚያያት አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ከድርጭትም ታንሳለች። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ዳማ ነው፤ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ነጭ ሰረዝ ሰረዝ አለበት፤ ጅራቱ ጥቁርና ቀይ ዳማ እየተፈራረቀ የተሸለመ ነው። ሲበርር በክንፉ ላይ ነጭ ላባ ብልጭ ይላል፤ ስለዚህም በሌሎች ቋንቋዎች ባለ ነጭ ክንፍ ተብላለች። የዓለም ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ከደቡብ አፍሪቃ ከተገኘው አብነት ስሟን በመጽሐፍ ጻፉ፤ ሳሮትሩራ አይረሲ ይሏታል። መብረር አትወድም፤ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ትሮጣለች፤ እጅግ ካስጨነቋት ጥቂት ርምጃ በርራ ትወድቃለች፥ ተመልሳም ባንድ ስፍራ አትነሣም። ከብት ጠብቆ ያረጀ ሰው ሳያያት ቢኖር አያስደንቅም።

ዝናሙ ሲጸና፥ ሣሩም እንድትሸሸግበት ሲበቃት፥ በሐምሌ ወደ በርጋ ትመጣለች፤ ውኃውም ሲጎድል ትሄዳለች። ጎጆዋን የምትሠራው ጥልቀት ከሌለው ውኃ በላይ በቄጠማው መካከል ነው። በዙሪያዋ የቆመውን ሣር ሳትቆርጥ ጎንብሳ ትሸምነዋለች፤ ከላይም ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ ጣራ ታደርገዋለች፤ ጎጆው ከሕያው ሣር የተሠራ ስለ ሆነ ከሩቅ ሣር እንጂ ጎጆ አይመስልም። አራት ወይም አምስት እንቁላል ትጥላለች። ጫጩቶቿ ጥቁር ጸጉር ለብሰው ይፈለፈላሉ፤ እንደ ዶሮ ጫጩትም ፈጥነው በእግራቸው ይከተሏታል፥ ለመብረር ግን ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል።

ይህች ወፍ በዓለም ላይ አዘውትራ የምትታየው በሁለት አገር በሚገኙ ጥቂት ረግረጎች ነው፤ እነርሱም ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ ናቸው። በበርጋ መራባቷ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር መራቢያዋ አይታወቅም ነበር፤ በ2018 ግን በደቡብ አፍሪቃ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ ውስጥ ሊቃውንት በሣሩ መካከል የፎቶግራፍ መሣሪያ ሸሽገው ከጫጩቶቿ ጋር እንዳነሷት ተገለጠ። በሁለቱ አገር ያሉትም ወፎች በዘራቸው የሚለያዩት እጅግ በጥቂት ነው። በ2013 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጨርሰው ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ጻፋት፤ በመላው ዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ ከዚህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

እንግዲህ የነገሩ ብርቱ ክፍል ይህ ነው። ወፊቱን የሚያጠፋት አዳኝ አይደለም፤ ሥጋዋ ለማንም አይፈለግም። የሚያጠፋት የጊዜ ጉዳይ ነው። በነሐሴ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለ ከብት ወደ ጨፌው ቢገባ ሣሩ ይረገጣል፥ ጎጆውም ይገለጣል፤ የተረፈውን ቁራ ይጨርሰዋል። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ቄጠማ መጎዝጎዝ የቆየ የደስታ ልማድ ነው፤ ለቡናም፥ ለሠርግም፥ ለዓውደ ዓመትም ያለ እርሱ ቤት ቤት አይመስልም፤ ይህን ተዉ የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፥ ማለትም አይገባውም። ነገር ግን የመስከረም መጀመሪያ ጫጩቶቹ ገና በሣሩ ሥር የሚሮጡበት ጊዜ ነው። ማጭድ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ቢገባ የሚሸሹበት ያጣሉ፤ ዳር ዳሩ ብቻ ታጭዶ ውኃ የተኛበት መካከሉ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢቆይ ግን ቤቱም ይጎዘጎዛል፥ ወፊቱም ልጆቿን ታሳድጋለች።

የበርጋ ሰዎች ከረግረጉ የተወሰነውን ክፍል በክረምት ከከብት ለመከልከል ተስማምተው ይጠብቁታል። ለወፍ ሲሉ ብቻ የተስማሙ የሚመስለው ሰው ተሳስቶአል። ጨፌ በክረምት የተረገጠ እንደ ሆነ ሥሩ ተገልብጦ ጭቃ ይሆናል፥ ሣሩም በጥቅምት ለድርቆሽ አይደርስም፤ ተጠብቆ የታጨደ ግን እስከ ግንቦት ድረስ በሬን ያቆማል። ከዚህም ሌላ የጉበት ትል የሚባለው የበግና የከብት በሽታ አለ። ትሉ በበጉ ጉበት ውስጥ ሆኖ እንቁላሉን ይጥላል፤ እንቁላሉ ከፋንድያ ጋር ወጥቶ በውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ በረግረግ በምትኖረው ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይበዛል፤ ወጥቶም በእርጥቡ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ሣሩን ሲበላ እንደ ገና ወደ ጉበቱ ይገባል። በግ በእርጥብ ጨፌ ሲሰማራ ከስቶ፥ አገጩ ሥር አብጦ የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ እርጥቡ ጊዜ እስኪያልፍ ከብትን ከመካከሉ መከልከል ለወፊቱም ለበጉም አንድ ጥቅም ነው፤ ሣሩም በሚገባ ደርቆ ሲሰነብት በላዩ የተጣበቀው ይሞታል።

ከከብትና ከማጭድ የሚከፋው ጉድባ ነው። ከብት ያጠፋው ጨፌ በሚመጣው ክረምት ይመለሳል፤ ጉድባ የተቆፈረበት ግን ውኃው ሳይተኛ ይሄዳልና አይመለስም። በመጀመሪያው ዓመት የደረቀው መሬት መልካም እህል ይሰጣል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ መረሬው ይጠነክራል፥ ሣሩ ይጠፋል፥ በአጠገቡ ያለው ምንጭም ይርቃል። በኢሉባቦር ረግረጋቸውን ለበቆሎ ያጠነፈፉ ሰዎች ይህ ደርሶባቸዋል፤ ምንጭ ሲርቅ እንስራ ተሸክመው የሚሄዱት ሴቶች ናቸውና ነገሩን አስቀድመው ያወቁት እነርሱ ነበሩ። ከዚያው አገር ቤት የሚከደንበት ሣር የሚገኘው ከረግረጉ ስለ ሆነ፥ ብዙ መንደር ከረግረጉ ከፍሎ ሳያርስ የሚተወው ለክዳኑ ሲል ነው። ባሕር ዛፍም ከረግረግ ዳር ሲተከል እንደ ጉድባ ይሠራል፤ ሥሩ ሩቅ ሄዶ በበጋም ውኃ ይጠጣልና። አዲስ አበባን ያቆመ ዛፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ቦታው ግን ዳገት ነው እንጂ የጨፌ ዳር አይደለም።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና በደቡብ አፍሪቃ ባሉ የረግረግ ወዳጆች ርዳታ በበርጋ ለአገሩ ልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቶአል። የወፊቱ ስም ያመጣው ትምህርት ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሌላ ረግረግ ያለበት አገር መምህርም ከክፍሉ ወጥቶ ማስተማር ይቻለዋል። በነሐሴ ተማሪዎቹን ወደ መካከሉ ማስገባት አይገባም፤ በዳር ባለ ጉብታ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ አስቀምጦ ዝም ማሰኘት ይበቃል። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምንም የሌለ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ዝይዋ ከነልጆቿ ትወጣለች። ያዩትን ወፍ ስሙን ባያውቁም መልኩን፥ እግሩን፥ ምንቃሩን፥ ያዩበትንም ቀን በደብተር ይጻፉ፤ አንድ በትርም በሳንቲ ሜትር ምልክት አድርገው ከረግረጉ ዳር ቢተክሉ፥ ውኃው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስንት እንደ ወጣና እንደ ወረደ በየሳምንቱ ያነባሉ። የአንዱ ዓመት ደብተር ከሚቀጥለው ዓመት ደብተር ጋር ሲተያይ፥ ለአገር ሽማግሌዎች ጉባኤ ጨፌው መቼ እንዲከፈት ለመምከር የሚረዳ ጽሑፍ ይሆናል።